የቴሌኪ ስም በሃንጋሪ የትምህርት ታሪክ ውስጥ

መግቢያ

በታሪክ ትምህርት ውስጥ የአንድ ቤተሰብ ስም በተለያዩ ዘመናት ደጋግሞ ሲነሣ፣ ተማሪው ስሙን ይዞ ሰዎቹን ሳይለይ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። ቴሌኪ የሚለው የሃንጋሪ ቤተሰብ ስም ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። የምሥራቅ አፍሪካን ጂኦግራፊ ያጠና ሰው ቴሌኪን የሚያውቀው የቱርካናን ሐይቅና ጨው ባሕርን በአውሮፓ ካርታ ላይ ያስመዘገበ ተጓዥ አድርጎ ነው። የቤተ መጻሕፍትን ታሪክ የተከታተለ ሰው ቴሌኪ ሲባል በትራንሲልቫኒያ የሚገኘውን ታላቅ የመጻሕፍት ስብስብ ያስታውሳል። የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ታሪክ ያነበበ ደግሞ በ1941 ራሱን የገደለውን ጠቅላይ ሚኒስትር ያስባል። ሦስቱም አልተሳሳቱም፤ ነገር ግን ሦስቱ ስለ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ይናገራሉ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በዚህ ስም ከተጠሩት ሰዎች መካከል ከትምህርትና ከዕውቀት መስፋፋት ጋር የተያያዘ ሥራ የሠሩትን መርጦ ማቅረብና፣ በዚያውም ከአንድ ታዋቂ ቤተሰብ ለሕዝብ የሚተርፈው ምን እንደሆነ መመርመር ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ስሙ

በሃንጋሪ ሕዝብ ልማድ የቤተሰብ ስም ይቀድማል፤ የግል ስም ይከተላል። እኛ ፓል ቴሌኪ የምንለውን ሰው የአገሩ ሰዎች ቴሌኪ ፓል ይሉታል። በኢትዮጵያ ሰው በራሱ ስም ተጠርቶ የአባቱን ስም ስለሚያስከትል፣ ጥቂት ትውልድ ካለፈ በኋላ የቀድሞው ሰው ስም ከመጠሪያነት ይወጣል። በሃንጋሪ ግን የቤተሰቡ ስም ሳይለወጥ ለብዙ መቶ ዓመታት ይተላለፋል። ስለዚህም በመቶ ዓመት የሚራራቁ ሁለት ሰዎች በኢትዮጵያዊ ተማሪ ዓይን አንድ ሰው መስለው ሊታዩ ይችላሉ።

የሃንጋሪ የቤተሰብ ስሞች ከልዩ ልዩ ምንጮች የተገኙ ናቸው። ከእጅ ሥራ የመነጩ አሉ፤ ሳቦ ማለት ልብስ ሰፊ፣ ኮቫች ማለት ብረት ቀጥቃጭ ነው። ከመልክና ከቁመናም የመነጩ አሉ፤ ናጅ ማለት ትልቅ ማለት ነው። ሌሎቹ ደግሞ ከአገር ስም የተወሰዱ ሲሆኑ፣ በመጨረሻቸው ላይ «ኢ» የሚል ድምፅ ይጨመርባቸዋል። ይህም በአማርኛ ጎንደር ብለን ጎንደሬ፣ መንዝ ብለን መንዜ እንደምንለው ነው። ቴሌክ የቦታ ስም ነው፤ ቴሌኪ ማለትም የቴሌክ ሰው ማለት ነው።

ቤተሰቡ ቀደም ሲል ጋራዝዳ በሚል ስም ይጠራ የነበረ ሲሆን፣ ቴሌኪ የሚለውን ስም ይዞ የገነነው በ17ኛው መቶ ዓመት ነው። በዚያ ዘመን ሚሃይ ቴሌኪ (1634–1690) በትራንሲልቫኒያ ቻንስለር ሆኖ ታላቅ ሥልጣን ያዘ፤ በ1685 የኮንትነት ማዕርግ አገኘ፤ በ1690ም በጦር ሜዳ ሞተ። መሬቱ፣ ማዕርጉና ስሙ ለተከታዮቹ ተላለፈ። ከዚህ በኋላ የሚታየው ጉዳይ ተከታዮቹ በወረሱት ሀብት ምን አደረጉበት የሚለው ነው።

መጻሕፍትን ለሕዝብ ያስተላለፉት

በቅድሚያ የሚነሣው ሻሙኤል ቴሌኪ (1739–1822) ነው። በወጣትነቱ በባዝል፣ በዩትሬክት፣ በላይደንና በፓሪስ ተዘዋውሮ ተማረ። ከ1791 ጀምሮ እስከ ሞተበት ጊዜ ድረስ የትራንሲልቫኒያ ቻንስለር ሆኖ አገልግሏል። በመላ ሕይወቱ መጻሕፍት ሲያሰባስብ የኖረ ሲሆን፣ በሞተበት ጊዜ ስብስቡ ወደ 40,000 ጥራዝ ይደርስ ነበር። ባለቤቱ ዡዣና ቤትለንም በሃንጋሪ ቋንቋ የተጻፉ መጻሕፍትን ለብቻዋ ታሰባስብ ነበር።

በዚያ ዘመን መጻሕፍት ማሰባሰብ ለባላባት እንግዳ ነገር አልነበረም። የሻሙኤል ቴሌኪን ሥራ ልዩ የሚያደርገው፣ በማሮሽቫሻርሄይ ከተማ ለመጻሕፍቱ ቤት አዘጋጅቶ በ1802 ለአንባቢ ሁሉ እንዲከፈት ማድረጉ ነው። ከዚህም ጋር የስብስቡን ዝርዝር ከ1796 እስከ 1819 በአራት ጥራዝ በቪየና አሳትሞ አውጥቷል። ዝርዝር የሌለው ቤተ መጻሕፍት ከመጋዘን እንደማይለይ በትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት የሠራ መምህር ሁሉ ያውቀዋል። መጽሐፉ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ መኖሩን ሌላው ሰው ማወቅና ፈልጎ ማግኘት አለበት።

ሁለተኛው ዮዤፍ ቴሌኪ (1790–1855) የተባለው የታሪክ ጸሐፊ ነው። በ1825 ኢሽትቫን ሴቼኒ የተባለው መኳንንት የአንድ ዓመት ገቢውን ለሃንጋሪ የሳይንስ አካዳሚ መቋቋሚያ ለመስጠት ቃል በገባ ጊዜ፣ የአካዳሚው ሐሳብ መልክ ያዘ። ዮዤፍ ቴሌኪ በሚቀጥለው ዓመት 30,000 ጥራዝ የሚሆነውን የቤተሰቡን ቤተ መጻሕፍት ለአካዳሚው አበረከተ። ከ1830 እስከ 1855ም የአካዳሚው የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆኖ ሠራ። የአካዳሚው ዋና ተግባር የሃንጋሪን ቋንቋ ማሳደግና ሳይንስን በዚሁ ቋንቋ ማስፋፋት ነበር። የከፍተኛው ትምህርትና የመንግሥት ሥራ በላቲንና በጀርመንኛ ይካሄድ በነበረበት ዘመን ይህ ቀላል ዓላማ አልነበረም።

የልጃገረዶችን ትምህርት ቤት ያቋቋመችው

ከቤተሰቡ መካከል ለመምህራን ይበልጥ ቅርብ የምትሆነው ብላንካ ቴሌኪ (1806–1862) ናት። የእናቷ እኅት ቴሬዝ ብሩንስቪክ በ1828 በቡዳ ከተማ የመጀመሪያውን የሕፃናት ማቆያ ትምህርት ቤት የከፈተች ሴት ስትሆን፣ ብላንካ የትምህርትን ጉዳይ የተማረችው ከእርስዋ ነው ለማለት ይቻላል። ብላንካ ራስዋ ሥዕል የተማረች ነበረች።

በዘመኑ የመኳንንት ሴቶች ልጆች በውጭ አገር ሞግዚቶች እጅ ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ እየተማሩ ያድጉ ስለ ነበረ፣ የገዛ አገራቸውን ቋንቋና ታሪክ አያውቁም ነበር። ብላንካ ይህን በመንቀፍ በ1845 በጋዜጣ ጻፈች፤ በ1846 መጨረሻም በፔሽት ከተማ በሃንጋሪ ቋንቋ የሚያስተምር የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ከፈተች። ታሪክ የሚያስተምረው ፓል ቫሽቫሪ የተባለ ወጣት ነበር፤ ክላራ ሎቬይ የተባለችው መምህርትም የሥራ ባልደረባዋ ሆነች። መጀመሪያ ላይ ተማሪዎቹ ጥቂት ነበሩ፤ ሐሳቡን የተጠራጠሩት ወላጆች ግን ብዙዎች ነበሩ።

የ1848 አብዮት በተነሣ ጊዜ ብላንካና ተማሪዎችዋ ሴቶች ወደ ዩኒቨርሲቲ እንዲገቡና የመምረጥ መብት እንዲኖራቸው ጠየቁ። ጥያቄያቸው መልስ አላገኘም፤ ትምህርት ቤቱም በጦርነቱ ምክንያት ተዘጋ። ቫሽቫሪ በ1849 በውጊያ ሞተ። አብዮቱ ከተሸነፈ በኋላ ብላንካ ለሚታደኑት ሰዎች መጠጊያ በመስጠትዋ በ1851 ተያዘች፤ በ1853ም የአሥር ዓመት እስራት ተፈረደባትና በኩፍሽታይን ምሽግ ታሰረች። ዘመኗን ሳትፈጽም በምሕረት ብትለቀቅም ጤናዋ ተጎድቶ ነበር፤ በ1862 በፓሪስ ሞተች።

የሃንጋሪ ዩኒቨርሲቲዎች ለሴቶች በር የከፈቱት በ1895 ነው። ይህም ብላንካና ተማሪዎችዋ ጥያቄውን ካቀረቡ 47 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ትምህርት ቤቱ የኖረው ሁለት ዓመት ያህል ብቻ ቢሆንም፣ ያነሣው ጥያቄ ከሕንፃው ይልቅ ረጅም ዕድሜ ነበረው።

ተጓዡና በካርታ ላይ የቀሩት ስሞች

በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ስሙ ሊነሣ የሚችለው ሁለተኛው ሻሙኤል ቴሌኪ (1845–1916) ነው። ይህን ሰው ቤተ መጻሕፍቱን ከመሠረተው ሻሙኤል የሚለየው ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ነው። ሁለተኛው ሻሙኤል ከአውስትሪያ–ሃንጋሪ የባሕር ኃይል መኮንን ከሉድቪግ ፎን ሆኔል ጋር በ1887 ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ተነሥቶ በኪሊማንጃሮና በኬንያ ተራራ በኩል ወደ ሰሜን ተጓዘ። ጉዞው በብዙ መቶ ተሸካሚዎች ጉልበት የተካሄደ ሲሆን፣ በመንገዱ ላይ ከኪኩዩ ሕዝብ ጋር ግጭት ተደርጓል። መንገዱን ያውቅ የነበረው ጁምቤ ኪመሜታ የተባለው የዝሆን ጥርስ ነጋዴም አብሯቸው ነበር።

በመጋቢት 1888 ወደ ትልቁ ሐይቅ ደርሰው በአልጋ ወራሹ ስም ሩዶልፍ ብለው ሰየሙት። በሚቀጥለው ወር ከእርሱ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ያለውን ሐይቅ በአልጋ ወራሹ ባለቤት ስም ስቴፋኒ አሉት። ይኸውም የወይጦና የሰገን ወንዞች የሚገቡበት ጨው ባሕር ነው። ሐይቆቹ ግን በዙሪያቸው በሚኖሩት ሕዝቦች ዘንድ የታወቁና የራሳቸው ስም ያላቸው ነበሩ። ስለሆነም ቴሌኪ ሐይቆቹን «አገኘ» ከማለት ይልቅ ለአውሮፓ የካርታ ሥራ አስታወቀ ማለት ይበልጥ ትክክል ይሆናል። የኬንያ መንግሥት በ1975 ሩዶልፍ የሚለውን ስም ወደ ቱርካና ለውጦታል፤ ስቴፋኒም በኢትዮጵያ ጨው ባሕር ይባላል። ሆኔል የጉዞውን መጽሐፍ ከጻፈ በኋላ በ1905 የአውስትሪያ–ሃንጋሪ መልእክተኞች መሪ ሆኖ አዲስ አበባ መጥቶ ከዐፄ ምኒልክ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራርሟል።

ጂኦግራፈሩ ጠቅላይ ሚኒስትር

ፓል ቴሌኪ (1879–1941) ከሁሉ ይልቅ ለፍርድ የሚያስቸግር ሰው ነው። በጂኦግራፊ ዕውቀቱ የታወቀ ነበር፤ በ1909 ስለ ጃፓን ደሴቶች የካርታ ሥራ ታሪክ ያሳተመው አትላስ በፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር ተሸልሟል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለሰላም ጉባኤው የሃንጋሪን ሕዝቦች አሰፋፈር የሚያሳይ ካርታ አዘጋጀ። በካርታው ላይ አንድ ሚሊሜትር ካሬ 100 ሰዎችን ይወክላል፤ ሃንጋሪያውያን በቀይ ቀለም ተመልክተዋል፤ ነዋሪው የሳሳበት ተራራማ ቦታ ደግሞ ነጭ ሆኖ ተትቷል። ዘዴው በሳይንስ ረገድ ብልሃት የተሞላበት ነው። ሆኖም ሮማንያውያን በብዛት የሚኖሩባቸው ሰፊ ተራራማ አገሮች ነጭ ሆነው ሲታዩ፣ ደማቁ ቀይ ቀለም ከሁሉ በፊት ዓይን ይስባል። ካርታ እውነተኛ ቁጥር ይዞም አንድን ወገን ሊያግዝ እንደሚችል ከዚህ መረዳት ይቻላል። ካርታው የጉባኤውን ውሳኔ አልለወጠም፤ በ1920 በትሪያኖን ውል ሃንጋሪ ከግዛቷ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን አጣች።

በዚያው ዓመት ፓል ቴሌኪ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። በሴፕቴምበር ወርም ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገቡ ተማሪዎች በየዘራቸውና በየብሔረሰባቸው የሕዝብ ቁጥር መጠን እንዲወሰኑ የሚያደርግ ሕግ ወጣ። ሕጉ አይሁድን በስም ባይጠራም የታሰበው በእነርሱ ላይ ነበር፤ ድርሻቸው ወደ 6 በመቶ እንዲወርድ ተደረገ። ብዙ ወጣቶች ትምህርት ፍለጋ አገራቸውን ትተው ወደ ጀርመን፣ ወደ ቼኮስሎቫኪያና ወደ ሌሎች አገሮች ሄዱ። ቴሌኪ ከ1938 እስከ 1939 የሃይማኖትና የትምህርት ሚኒስትር ነበር፤ በ1939 እንደገና ጠቅላይ ሚኒስትር በሆነ ጊዜም በአይሁድ ላይ የባሰ ገደብ የሚያደርግ ሌላ ሕግ ጸደቀ።

በሌላ በኩል መንግሥቱ በ1939 ከፖላንድ የሸሹትን ስደተኞች ተቀብሏል፤ ለልጆቻቸውም በባላቶንቦግላር የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከፍቶላቸዋል። በ1940 ከዩጎስላቪያ ጋር የወዳጅነት ውል ከተፈረመ በኋላ ጀርመን በዚያች አገር ላይ ሃንጋሪን ይዛ ስትነሣ፣ ቴሌኪ በኤፕሪል 3 ቀን 1941 ራሱን ገደለ። በ2004 በቡዳፔስት ሐውልት ሊቆምለት ታስቦ በተነሣው ክርክር ምክንያት ሳይሆን ቀረ፤ ሐውልቱ የተተከለው በባላቶንቦግላር ነው። ስደተኛን ያስጠለለው መንግሥት የገዛ ዜጎቹን ከትምህርት ገበታ ማራቁ በአንድነት ሊነገር የሚገባው ታሪክ ነው፤ አንዱ ሌላውን ሊሸፍነው አይገባም።

ማጠቃለያ

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይባላል። ከላይ እንደተመለከተው ግን በአንድ ስም ሥር የተለያየ ሥራ ይውላል። ብላንካ ቴሌኪ ሴቶች ዩኒቨርሲቲ ይግቡ ብላ ከጠየቀች ከ72 ዓመት በኋላ፣ ያንኑ ስም የያዘ ጠቅላይ ሚኒስትር በሥልጣን ላይ ሳለ የዩኒቨርሲቲው በር በሌሎች ላይ ጠበበ። ደም መልካምነትንም ሆነ ክፋትን እንደማያወርስ ይህ ይመሰክራል።

ለመምህራን የሚጠቅመው የመጀመሪያው ነገር በተመሳሳይ ስም የተጠሩትን ሰዎች በዘመን ቅደም ተከተል ጽፎ እያንዳንዱ ምን እንደሠራ ተማሪዎቹ ራሳቸው እንዲመረምሩ ማድረግ ነው። የጨው ባሕርን ስም ታሪክና የ1919ኙን ካርታ ጎን ለጎን ማቅረብም፣ ካርታ የሚሠራው ሰው ምን እንደመረጠና ምን እንደተወ ለመጠየቅ ያስችላል።

ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ደግሞ የማሮሽቫሻርሄይ ቤተ መጻሕፍት ታሪክ ሊታሰብበት ይገባል። ከተማዋ ዛሬ ቲርጉ ሙሬሽ ተብላ በሮማንያ ግዛት ውስጥ ትገኛለች። ከሻሙኤል ቴሌኪ ዘመን ወዲህ የመንግሥቱ ወሰን፣ የሥልጣኑ ቋንቋና የርስቱ ባለቤት ተለዋውጧል። ቤተ መጻሕፍቱ ግን በ1962 ከአንድ የቆየ ኮሌጅ ስብስብ ጋር ተዋሕዶ፣ ቴሌኪ–ቦያይ በሚል ስም ለአንባቢ ማገልገሉን ቀጥሏል። ለዚህም የበቃው ከመጀመሪያው ቤት፣ ዝርዝርና ለሕዝብ የተከፈተ በር አብረው ስለተዘጋጁለት ነው። አዲስ ቤተ መጻሕፍት ለትምህርት ቤት ሲታቀድ የመጻሕፍቱ ብዛት ብቻ ሳይሆን እነዚህ ሦስቱ በዕቅዱና በበጀቱ ውስጥ መኖራቸው አስቀድሞ ሊረጋገጥ ይገባዋል።