የጋፋት ሚስዮናውያን

ጋፋት በደብረ ታቦር አጠገብ የምትገኝ ስፍራ ናት። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ከስዊዘርላንድና ከጀርመን አገር የመጡ የፕሮቴስታንት ሚስዮናውያን ሠፍረውባት፣ አግብተው ወልደው፣ ልጆች አስተምረው፣ መድፍ አቅልጠውባታል። የተላኩት ወንጌል ለመስበክ ነበር፤ ዛሬ ስማቸው የሚነሣው ግን ሴባስቶፖል ከተባለው መድፍ ጋር ነው። የእጅ ሙያ ለስብከት በር ይከፍታል ተብሎ የተወጠነው አሳብ በዚያው ሙያ ሊዋጥ ምንም ያህል አልቀረውም። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከጋፋት ሰዎች በፊት ሌሎች መጥተው ነበር። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የሚስዮን ማኅበር የላካቸው ስዊሳዊው ሳሙኤል ጎባትና ጀርመናዊው ክርስቲያን ኩግለር በ1830 ትግራይ ገቡ። ይዘውት የመጡት ዋና ነገር መጽሐፍ ነበር። አቡ ሩሚ የሚባሉ ኢትዮጵያዊ ሊቅ ካይሮ ላይ ከፈረንሳይ ቆንስላ ሹም ጋር ዓመታት ፈጅተው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ መልሰውት ነበርና፣ አራቱ ወንጌሎች ለንደን ላይ በ1824 ታትመዋል፤ ሙሉው መጽሐፍም በ1840 ወጣ። ኩግለር ብዙም ሳይቆይ አድዋ ላይ ሞተ። ጎባት ግን ጎንደር ድረስ ዘልቆ ከካህናቱና ከደብተሮቹ ጋር እየተቀመጠ በትዕግሥት ይነጋገር ስለነበር የብዙዎችን አክብሮት አተረፈ። ከእርሱ በኋላ የመጣው ካርል ኢሰንበርግ በጾምና ለእመቤታችን በሚቀርበው ውዳሴ ላይ ፊት ለፊት ስለተከራከረ በ1838 ከአድዋ ተባረረ። ሸዋ የገባው ዮሐን ሉድቪክ ክራፕፍም በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ ሦስት ዓመት ያህል ቢቀመጥም በ1842 ከወጣ በኋላ እንዳይመለስ ተከለከለ።

የችግሩ ሥር ግልጽ ነበር። እነዚህ ሰዎች የመጡት ከእነርሱ አገር አብዛኛው ሕዝብ አስቀድሞ ክርስትናን ወደ ተቀበለ ምድር ነው። ዓላማቸው አረማዊን ማጥመቅ አልነበረም፤ ቤተ ክርስቲያኒቱን በመጽሐፍ ቅዱስ ንባብ ከውስጥ እናድሳለን የሚል ነበር። የአገሩ ካህን በበኩሉ፣ ጾም የማይጾም፣ ታቦት የማያውቅ ባዕድ ስለ ሃይማኖት ሊያስተምረኝ ይመጣል ብሎ ሊቀበል የሚችልበት ምክንያት አልነበረውም። በሁለቱም ወገን ቅን ሰዎች ነበሩ፤ ቅንነት ብቻውን ግን በቂ አልሆነም።

በዚህ ጊዜ ባዝል ከተማ አጠገብ ባለ ኮረብታ ላይ ሌላ ዓይነት አሳብ ይበስል ነበር። ክርስቲያን ፍሪድሪክ ሽፒትለር የተባለ ትጉ ሰው በ1840 ባዶውን የቀረውን የቅድስት ክሪሾና ቤተ ክርስቲያን ይዞ የእጅ ባለሙያዎችን ለሚስዮን ማሠልጠን ጀመረ። አናጢው፣ ሸማኔው፣ አንጥረኛው ጥቂት ዓመት መጽሐፍ ቅዱስ ይማራል፤ ከዚያ እንደ ሐዋርያው ጳውሎስ በእጁ ሠርቶ እየበላ እንዲሰብክ ይላካል። ደመወዝ የለውም፤ ቄስም አይደለም። የአሠራሩ ጥበብ የሚታየው በዚህ ነው፦ ሰባኪው ለአገሩ ሰው ሸክም አይሆንም፤ የሚጠቅም ነገር ይዞ ይገባል። በኋላ ሽፒትለር ከእስክንድርያ አንሥቶ በአባይ ሸለቆ በኩል እስከ ኢትዮጵያ የሚደርሱ 12 ጣቢያዎች፣ እያንዳንዳቸው በአንድ ሐዋርያ ስም ተሰይመው እንዲዘረጉ አሰበ። ከነዚህ የተከፈቱት ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። የሱዳን ንዳድም ብዙዎቹን ወንድሞች ጨረሰ።

ለኢትዮጵያ መንገዱን የጠረገው ጎባት ነው። በ1846 በኢየሩሳሌም የፕሮቴስታንቶች ጳጳስ ሆኖ ተሹሞ ነበርና፣ ዕድሜ ልኩን ሳይረሳት የኖረችውን አገር አሁን በሌሎች ሰዎች ሊደርስላት ፈለገ። በ1855 ክራፕፍና ወጣቱ ዮሐን ማርቲን ፍላድ አዲስ ወደ ነገሡት ወደ ዐፄ ቴዎድሮስ ተላኩ። ንጉሠ ነገሥቱ አገራቸውን በአዲስ ሥልጣኔ ለማቆም ቆርጠው የተነሡ ስለነበሩ የእጅ ባለሙያ ይምጣ መባሉን ወደዱት። አቡነ ሰላማም በልጅነታቸው ካይሮ በሚስዮኑ ትምህርት ቤት ተምረው ስለነበር አልተቃወሙም። ስለ ሃይማኖት ግን ገና ከመጀመሪያው ገደብ ተቀመጠ። ንጉሡ የፈለጉት እጃቸውን ነበር፤ ክሪሾና የላከቻቸው ለአፋቸው ነበር። ይህ ልዩነት በግልጽ ሳይነገር ታለፈ፤ የኋላው መከራም ሁሉ ከዚህ ዝምታ የመነጨ ነው ማለት ይቻላል።

በ1856 ፍላድ፣ ቤንደር፣ ማየርና ኪንትስሌን ደረሱ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቴዎፊል ዋልድማየርና ካርል ዛልሙለር ተከተሏቸው። ዋልድማየርና ዛልሙለር የንጉሡ የቅርብ ወዳጅ የነበረውን የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ልጆች አገቡ፤ የልጆቹ እናት ኢትዮጵያዊት ናቸውና በዚህ ጋብቻ ከአገሩ ጋር ተዛመዱ። ጋፋት ላይ ቤት ሠሩ፣ አትክልት ተከሉ፣ ልጆች ሰብስበው ፊደልና የእጅ ሥራ አስተማሩ። የአማርኛውን መጽሐፍ ቅዱስ አደሉ። ንጉሡ ራሳቸው አማርኛን ይወዱ ስለነበር በመጽሐፉ መሠራጨት አልተቆጡም። የንጉሡን ታሪክ በአማርኛ የጻፉት ደብተራ ዘነብም ከሚስዮናውያኑ ጋር ቅርበት ነበራቸው።

ለስብከት ሰፋ ያለ ፈቃድ የተሰጠው በኢትዮጵያ አይሁዶች፣ በቤተ እስራኤል መካከል ብቻ ነበር። ፍላድ ከባለቤቱ ከፓውሊነ ጋር ደምቢያ ውስጥ ገንዳ በምትባል ቦታ ተቀመጠ፤ በ1860 ደግሞ በለንደን ከሚገኘውና በአይሁድ መካከል ወንጌል ከሚሰብከው ማኅበር የተላከው ሄንሪ ስተርን መጣ። ፈቃዱ አንድ ጽኑ ሁኔታ ነበረበት፦ የሚያምን ሁሉ የሚጠመቀው በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን እንጂ በሌላ አይደለም። ስለዚህ ሚስዮናውያኑ ሲያስተምሩ ከርመው ሰውየውን ራሳቸው ሊያድሷት ወደሚሹት ቤተ ክርስቲያን ይልኩታል። ተጠማቂው በሁለት ቤት መካከል ይቆማል፤ ወገኖቹ እንደ ጠፋ ይቆጥሩታል፣ አጥማቂዎቹ እንደ አዲስ ገብ ይጠራጠሩታል።

በቤተ እስራኤል ዘንድ ይህ ስብከት ብርቱ መናወጥ አስነሣ። ካህናቶቻቸው ሃይማኖታችን ተነካ ብለው ክርክሩን እስከ ንጉሡ ችሎት አደረሱት። በ1862 አባ ማሐሪ የተባሉ መነኩሴ ብዙ ሕዝብ አስከትለው በእግር ወደ ኢየሩሳሌም ተነሡ፤ ከነዚህ ብዙዎቹ በረሃብና በበሽታ ትግራይ ላይ አለቁ። የሚስዮኑ ወሬ አውሮፓ ሲደርስ የዚያ አገር አይሁዶችም ተነሥተው በ1867 ጆሴፍ ሃሌቪን ወደ ኢትዮጵያ ላኩ። ቤተ እስራኤል ከተቀረው የአይሁድ ዓለም ጋር በሚገባ የተዋወቀው በዚህ ምክንያት ነው። በኋለኛው ዘመን ከተጠማቂዎቹ ዘሮች ብዙዎቹ ወደ እስራኤል ለመግባት ሲያመለክቱ የተነሣው ረጅም ክርክርም ከዚህ ይጀምራል። ሰባኪው የዘራው ዘር የት እንደሚበቅል አስቀድሞ እንደማያውቅ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም።

በጋፋት የሥራው ዓይነት ቀስ በቀስ ተለወጠ። መጀመሪያ መንገድና ጋሪ ነበር። ከዚያ ንጉሡ የምሽግ ማፍረሻ መድፍ ሥሩልኝ አሉ። ሚስዮናውያኑ ይህ ሙያችን አይደለም ብለው ለመኑ፤ ንጉሡ አገልጋዮቻቸውን አሰሩባቸው። አገልጋዮቹ እንዲፈቱ ሲሉ እንሞክር አሉ። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። በመካከላቸው ግን ማቅለጥ የሚያውቀው የፖላንዱ ተወላጅ ሞሪትዝ ሆልና ፈረንሳዊው የጠመንጃ ባለሙያ ቡርጎ ነበሩ፤ በእነርሱ እርዳታ ደጋግመው ሞክረው ተሳካላቸው። ንጉሡ በደስታ ሸለሟቸው፤ የክብር ሸሚዝ አለበሷቸው፣ በቅሎና ብር ሰጧቸው። ብረት ቀጥቃጭ ቡዳ እየተባለ በሚገለልበት አገር፣ ንጉሠ ነገሥቱ በአንጥረኞች መንደር ተገኝተው ባለሙያን እንደ መኳንንት ሲሸልሙ መታየታቸው በራሱ ታላቅ ነገር ነው።

መድፍ ማቅለጥ ሲባል ቀላል ይመስላል። መጀመሪያ የመድፉ ቅርጽ በሸክላ ይበጃል፤ ሸክላው እስከ ውስጡ መድረቅ አለበት፤ ጥቂት እርጥበት ከቀረበት የፈላው ናስ ሲገባበት ይፈነዳል። ሴባስቶፖል ወደ ሰባት ቶን ይመዝናል። ያን ያህል ናስ በአንድ ፍሰት ለማውጣት ብዙ ከሰል ተከምሮ፣ ወናፍ ሳያቋርጥ እየተነፋ ሁሉም እኩል መቅለጥ ይኖርበታል። ፍሰቱ በመሃል ቢቋረጥ የቀደመው ረግቶ መድፉ ይሰነጠቃል። ፋብሪካ በሌለበት፣ በእጅ በሚነፋ ወናፍ ይህን ማድረግ የጋፋት ሰዎችና አብረዋቸው የሠሩት ስማቸው ያልተጻፈ ኢትዮጵያውያን ድካም ውጤት ነው።

በዚህ መካከል የስተርን ነገር መጣ። ስተርን በ1862 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ንጉሡ ትውልድ፣ እናታቸው ኮሶ ሻጭ ነበሩ የሚለውን ወሬ ጽፎ ነበር። በጥቅምት 1863 ንጉሡ በሌላ ምክንያት በተቆጡበት ሰዓት ፊታቸው ቀረበ። አስተርጓሚዎቹ ተደብድበው ሞቱ፣ እርሱም ክፉኛ ተመትቶ ታሰረ፤ ጽሑፉ በኋላ ሲገኝ ነገሩ ባሰበት። የእንግሊዙ ቆንስል ካሜሮንም በ1864 መጀመሪያ ታስሮ ተከተለው። ንጉሡ ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ መቅረቱ የቁጣው ዋና ምክንያት ነበር። እነሆ፣ በአንድ ቋንቋ የሚጸልዩ ሚስዮናውያን ለሁለት ተከፈሉ፤ አንዳንዶቹ በሰንሰለት ታስረው፣ ሌሎቹ በንጉሥ ሞገስ መድፍ እየሠሩ። የጋፋት ሰዎች ለእስረኞቹ ይማልዱ፣ ስንቅም ይልኩ ነበር። በ1866 ፍላድ ሚስቱንና ልጆቹን መያዣ ትቶ ወደ እንግሊዝ ተላከ። ንጉሡ የጠየቋቸው ባለሙያዎችና መሣሪያ ተዘጋጅተው ምጽዋ ድረስ መጡ፤ እስረኞቹ ስላልተፈቱ ግን ሳይገቡ ተመለሱ። ፍላድ ግን ቃሉን ጠብቆ ወደ ቤተሰቡ ተመለሰ።

በ1867 ጥቅምት ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ መድፎቹንና አውሮፓውያኑን ይዘው ወደ መቅደላ ተጓዙ። ጉዞው ስድስት ወር ገደማ ፈጀ። ሴባስቶፖልን ዳገት ለማስወጣት ወደ 500 ሰው ገመድ ይጎትት ነበር። የጅጣንና የበሽሎን ገደል ለማለፍ ዐለት እየተፈነቀለ መንገድ ተቀየሰ፤ ንጉሡም ራሳቸው ከሠራዊታቸው ጋር ድንጋይ ያነሡ ነበር። እስረኞቹን ለማስፈታት ከመጣው የእንግሊዝ ጦር ጋር በተደረገው የእሮጌ ውጊያ ዕለት ከጋፋት መድፎች ትልቅ የተባለው ሌላው በመጀመሪያ ተኩስ ፈነዳ። ሚያዝያ 13 ቀን 1868 መቅደላ ወደቀች፤ ንጉሠ ነገሥቱም እጃቸውን ላለመስጠት ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አጠፉ። የእንግሊዙ ጦር አዛዥ ጄኔራል ናፒየር አውሮፓውያኑ ሁሉ ከአገር እንዲወጡ አዘዘ፤ ጋፋትም በዚያው አበቃች።

ሰዎቹ ተበተኑ። ዋልድማየር ሊባኖስ ገብቶ በ1873 ብሩማና ላይ ትምህርት ቤት መሠረተ፤ በኋላም አስፉርያ የተባለውን የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አቆመ። ሞሪትዝ ሆል ከኢትዮጵያዊት ባለቤቱ ጋር ያፋ ተቀመጠ፤ ስመ ጥሩው ተዋናይና ደራሲ ፒተር ዩስቲኖቭ የልጃቸው የልጅ ልጅ ናቸው። ማየር በምኒልክ ዘመን ወደ ሸዋ ተመልሶ ዓመታት አስተማረ። ክራፕፍ የአማርኛውን መጽሐፍ ቅዱስ አርሞ በ1870ዎቹ በክሪሾና ማተሚያ ቤት አሳተመ፤ በዚያው ማተሚያ ቤት በ1899 አናሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር የደከሙበት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ታተመ።

የደምቢያው ሥራ ግን አልተቋረጠም። ዐፄ ዮሐንስ የውጭ ሚስዮናውያን እንዳይገቡ ከልክለው ስለነበር ሥራው ሙሉ በሙሉ በኢትዮጵያውያን እጅ ወደቀ። ፍላድ ያሳደገው ሚካኤል አረጋዊ ክሪሾና ተምሮ ተመልሶ መሪነቱን ያዘ፤ ፍላድ በ1915 እስኪሞት ድረስ ከጀርመን ሆኖ በደብዳቤ ይደግፋቸው ነበር። በ1888 የሱዳን ደርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ፣ ከዚያም ክፉ ቀን የተባለው ረሃብ አገሩን ሲያራቁት፣ እነዚህ መምህራን የመንደራቸውን ሰው ዕጣ ተካፍለው ቆዩ። ሚካኤል በ1931 ያረፈው በዚያው ሥራ ላይ ሳለ ነው።