የእንጦጦ ፈረሶችና የጋጣ ጠብ

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» የሚለው ተረት ስለ ጦር ሜዳ ከሆነ እውነት ነው፤ ድሉም ሽንፈቱም የሰው ነው። ስለ ፈረስ ጠባይ ከተወሰደ ግን ያሳስታል። ፈረስ ከመሰሉ ጋር ይዋጋል። ጆሮውን ወደ ኋላ ለጥፎ፣ አንገቱን አስግጎ ይናከሳል፤ ካልተሳካለትም ዞሮ በኋላ እግሮቹ ይራገጣል። የአንድ ርግጫ ጉልበት የባልንጀራውን አጥንት ይሰብራል። ይህን ያየ ሰው ብዙ ጊዜ «ክፉ ፈረስ ነው» ብሎ ዱላ ያነሳል። እኔ ግን ጥፋቱን ከፈረሱ ይልቅ በአያያዙ ላይ እፈልጋለሁ፤ የጉለሌና የእንጦጦ ታሪክም ለዚህ አሳብ ጥሩ ምስክር ይመስለኛል።

ጉለሌ የሚለው ስም አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ በፊት በአካባቢው ይኖር ከነበረው የቱለማ ኦሮሞ ጎሣ የመጣ ነው። ከጎሣው መሪዎች መካከል ስሙ እስከ ዛሬ የሚነሣው ቱፋ ሙና ነው። ከእንጦጦ ጀርባ የሱሉልታ ሜዳ ተዘርግቷል፤ ከዚያም ወዲያ በፈረስ የታወቀው ሰላሌ ይቀጥላል። ምኒልክ መቀመጫቸውን እንጦጦ ላይ ሲያደርጉ እንግዲህ የሰፈሩት በፈረሰኛ አገር መካከል ነው። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ሲጭኑም ከተማይቱ በእግረኛና በፈረሰኛ የተሞላች የጦር ሰፈር ነበረች። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ ነፋሻና ብርዳም ነው፤ የተራራው አናትም ጠባብ ነው። ብዙ ፈረስ በጠባብ ቦታ፣ በውስን ሣር ማቆየት ምን ማለት እንደሆነ ጉለሌ ያን ጊዜ ዐውቆታል።

ታዲያ የዚያ ዘመን ሰዎች እንዴት ቻሉት? አንዱ ማስረጃ ራሱ ቋንቋችን ነው። አማርኛ ፈረስን በደፈናው አይጠራም። ያልተኮላሸው ወንድ ድንጉላ፣ የተኮላሸው ሰንጋ፣ ሴቷ ባዝራ፣ ልጅየው ውርንጭላ ነው። እነዚህ ቃላት ለጌጥ አልተፈጠሩም፤ ማን ከማን ጋር መዋል እንደሚችል ለሚያስብ ሰው የሚያገለግሉ ናቸው። ድንጉላን ከባዝራ አጠገብ፣ ሌላ ድንጉላ ባለበት ማሰር ጠብ መጥራት ነው። ሁለተኛው ማስረጃ ሹመቱ ነው። የቤተ መንግሥቱ ፈረስ ባልደራስ የሚባል የራሱ አለቃ ነበረው። በጉዞም ላይ መኳንንቱ የሚቀመጡት በበቅሎ ነበር፤ የጦር ፈረሳቸው በአሽከር እጅ ተስቦ ይሄዳል። ዋናው ምክንያት የፈረሱን ጉልበት ለውጊያ ማቆየት ቢሆንም፣ እያንዳንዱ ፈረስ የራሱ ጠባቂና ከሌላው የራቀ ቦታ እንዲኖረውም አድርጓል ብዬ አምናለሁ። ሦስተኛው ማስረጃ የፈረስ ስም ነው። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ የተባሉት በፈረስ ስማቸው ነው። ጌታውን በፈረሱ ስም የሚጠራ ኅብረተሰብ ፈረሶችን እንደ መንጋ ሳይሆን አንድ በአንድ ያውቅ ነበር።

የዛሬው የእንስሳት ጠባይ ጥናትም ከዚህ አይርቅም። ባለቤት የሌላቸው ፈረሶች በትንንሽ ቡድን ይኖራሉ፤ አንድ ድንጉላ፣ ጥቂት ባዝራዎችና ልጆቻቸው። በመካከላቸው ደረጃ አለ። ደረጃው ከታወቀ በኋላ አብዛኛው ግጭት በማስፈራራት ብቻ ያልቃል፤ ደካማው ጆሮ ሲለጠፍ አይቶ ይሸሻል። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚበላሸው። በአጭር ገመድ የታሰረ ፈረስ መሸሽ አይችልም። ለአምስት ፈረስ አንድ ገንዳ ገብስ ከቀረበም መሸሽ ማለት መራብ ነው። አዲስ ፈረስ በድንገት መካከላቸው ሲገባ ደግሞ ደረጃው እንደገና በጥርስና በኮቴ ይወሰናል። ስለዚህ ማስፈራራቱ ወደ ርግጫ የሚያድገው መሸሻው ሲዘጋ ነው፤ የዘጋውም ሰው ነው።

«የድሮው አያያዝ ርኅራኄ አልነበረበትም» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ልክ ነው። አገጭ የሚከብብ የብረት ቀለበት ያለው የጥንቱ ልጓም ጨካኝ ነበር፤ ማኮላሸቱም ያለ ማደንዘዣ ነበር። ልንመልሰው የሚገባን ፈረስን ለይቶ የማወቁን ልማድ እንጂ ልጓሙን አይደለም። «ማኮላሸት ብቻውን ይበቃል» የሚሉም አሉ። ሰንጋ የድንጉላን ያህል ስለ ባዝራ አይጣላም፤ ስለ ገብስና ስለ ቦታ ግን ይጣላል። ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ የድኅነት ነው፤ ባለፈረሱ ሰፊ ጋጣ ከየት ያመጣል? በእርግጥ ጋጣ ገንዘብ ይፈልጋል። ገብሱን በየብቻ ማቅረብ፣ ተናካሹን ከዳር ማሰር፣ አዲስ የመጣውን ጥቂት ቀን በአጥር ለይቶ ማለማመድ ግን ከትዕግሥት በቀር ብዙ አይጠይቅም። ፈረስን ለይቶ የማወቁ ልማድ ዛሬም አልጠፋም፤ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እጅግ ብዙ ፈረስ በአንድ ሜዳ ያሰልፋል፤ እዚያ እያንዳንዱን ፈረስ የሚያውቀው ሰው ከጀርባው ላይ ነው።

ፈረስ ከእንጦጦም ዛሬ አልጠፋም፤ በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ፈረስ ግልቢያን ለጎብኚ ያቀርባል። በእንጦጦና በሱሉልታ ፈረስ የምታሳድሩ ሁሉ፣ ዱላውን ከማንሣታችሁ በፊት ገመዱ ምን ያህል እንደሚያጥር፣ ገንዳውም ለስንት እንደሚበቃ እዩ።