ሁለት ባላ የተከለ ሰው
ስለ ክሊቭላንድ የቤዝቦል ቡድን የ1899 ዓመት ታሪክ

የአገራችን ሰው ሲተርት «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይላል። ይህ ለገበሬም ለነጋዴም የሚጠቅም መልካም ምክር ነው። ነገር ግን አንዱን ባላ አጠነክራለሁ ብሎ ሁለተኛውን በገዛ እጁ የሚሰብር ሰው ቢገኝ ምን ይባላል? በሚሰበረውስ ባላ ላይ ሌሎች ሰዎች ተንጠልጥለውበት ቢገኙ ፍርዱ እንዴት ይሆናል? ከዚህ ቀጥሎ የምንጽፈው ታሪክ ይህን ጥያቄ የሚመለከት ነውና፥ አንባቢ ሆይ፥ የጨዋታ ወሬ ነው ብለህ አትናቀው። ነገሩ የተደረገው በአሜሪካ አገር ነው፤ ዓመቶቹና ወሮቹም ሁሉ የተቈጠሩት በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

ቤዝቦል የሚባለውን ጨዋታ አሜሪካውያን እጅግ ይወዱታል። ዘጠኝ ሰዎች በአንድ ወገን፥ ዘጠኝ ሰዎች በሌላው ወገን ሆነው ይጋጠማሉ። የአንዱ ወገን ወርዋሪ ትንሽ ጠንካራ ኳስ በኀይል ይወረውራል፤ የሌላው ወገን መቺ ኳሱን በዱላ ይመታል፤ መትቶም በሜዳው ላይ የተመለከቱትን አራት ማዕዘኖች በሩጫ ዞሮ ከተነሣበት ቢመለስ ለወገኑ አንድ ነጥብ ይቈጠርለታል። በዚያ ዘመን ደመወዝ እየተከፈላቸው የሚጫወቱ ሰዎች ያሉባቸው 12 ቡድኖች ናሽናል ሊግ በሚባል ማኅበር ገብተው፥ ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት በባቡር ከከተማ ወደ ከተማ እየዞሩ ይጋጠሙ ነበር። ተመልካቹ በበር የሚከፍለውንም ገንዘብ ባለሜዳው ቡድንና እንግዳው ቡድን ይካፈሉት ነበር።

በኢሪ ሐይቅ ዳር ያለችው የክሊቭላንድ ከተማ ስፓይደርስ የሚባል ቡድን ነበራት፤ ትርጓሜውም ሸረሪቶች ማለት ነው። ይህ ቡድን ደካማ አልነበረም። በ1895 ዓመት ዝነኛውን የባልቲሞርን ቡድን ድል አድርጎ ቴምፕል የሚባለውን ዋንጫ ወስዶአል። ከወርዋሪዎቹ አንዱ ሳይ ያንግ ነበር፤ እርሱም በ1890 ዓመት በዚሁ ቡድን ሥራውን ጀምሮ በጨዋታ ዘመኑ ሁሉ 511 ድል አግኝቶአል፤ እስከ ዛሬም ድረስ ከዚህ ቍጥር የደረሰ ወርዋሪ አልተገኘም። ከመቺዎቹም ጄሲ በርኬት የሚባለው በዘመኑ ከነበሩት ከፍ ካሉት ጋር የሚቈጠር ሰው ነበር። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደ ተባለ፥ የሸረሪቶቹ ድር ሳይበጠስ በነበረበት ጊዜ ብርቱዎችን ያስር ነበር።

የቡድኑ ባለቤት ፍራንክ ሮቢሰን የሚባል ባለጸጋ ነበር፤ ወንድሙ ስታንሊም ይረዳው ነበር። ፍራንክ ሮቢሰን በከተማው ውስጥ የትራም ሐዲድ ስለ ነበረው፥ በ1891 ዓመት የተከፈተውን የመጫወቻ ሜዳ ትራሙ በሚያልፍበት ስፍራ አሠርቶት ነበር። እንዲህም ሲሆን ወደ ጨዋታው የሚመጣው ሕዝብ የትራሙንም የበሩንም ዋጋ ለእርሱ ይከፍላል። ነገር ግን ተመልካቹ እርሱ እንደ ተመኘው አልበዛለትም። ሠራተኛው ሕዝብ ዕረፍት የሚያገኘው በእሑድ ቀን ነው፤ በክሊቭላንድ ግን በእሑድ መጫወት የተከለከለ ነበር፤ የከተማው ቀሳውስትም ሰንበት እንዳይሻር በብርቱ ይከራከሩ ነበር። በግንቦት ወር 1897 ዓመት ሮቢሰን በእሑድ ቀን ቢያጫውት ፖሊሶች ተጫዋቾቹን ያዙአቸው፤ ከመካከላቸውም አንዱ ወርዋሪ ተፈርዶበት 5 ዶላር ተቀጣ። ባለቤቱም በከተማይቱ ላይ ቅር ተሰኝቶ ትርፉን በሌላ ስፍራ መፈለግ ጀመረ።

በ1899 ዓመት የሴንት ሉዊስ ከተማ ቡድን ባለቤት በዕዳ ተይዞ ንብረቱ በሐራጅ ተሸጠ፤ በመጨረሻም ቡድኑ በሮቢሰን ወንድማማቾች እጅ ገባ። በሴንት ሉዊስ በእሑድ መጫወት የተፈቀደ ነው፤ የከተማይቱም ሕዝብ ከክሊቭላንድ ይልቅ ብዙ ነበር። ሆኖም ወንድማማቾቹ አዲሱን ሲይዙ አሮጌውን አልለቀቁም፤ ማኅበሩም ሁለት ቡድን አትያዙ ብሎ አልከለከላቸውም። ስለዚህ ሳይ ያንግን፥ በርኬትን፥ ቦቢ ዋላስን፥ ይልቁንም አለቃቸውን ፓትሲ ቴቦን ከክሊቭላንድ አንሥተው ወደ ሴንት ሉዊስ ወሰዱአቸው። ያንንም ቡድን ፐርፌክቶስ ብለው ሰየሙት፤ ፍጹማን እንደ ማለት ነው። በዚያ ዘመን አንድ ተጫዋች ባለቤቱ ካልለቀቀው በቀር ወደ ወደደው ቡድን መሄድ አይችልም ነበርና፥ የሚወሰደውንም የሚቀረውንም ፈቃዱን የጠየቀው አልነበረም። ለክሊቭላንድ የተሰጡት ከሴንት ሉዊስ የተረፉትና በሌላ ስፍራ ያልተፈለጉት ናቸው።

በሚያዝያ ወር አጋማሽ ጨዋታው ሲከፈት፥ የአንድ ጌታ የሆኑት ሁለቱ ቡድኖች በሴንት ሉዊስ እርስ በርሳቸው ተጋጠሙ። ሳይ ያንግ ትናንት የራሱ በነበረው ቡድን ላይ ወረወረ፤ ሴንት ሉዊስም 10 ለ1 አሸነፈ። አባት ከሁለት ልጆቹ አንዱን አስታጥቆ ሌላውን ባዶ እጁን ወደ ሰልፍ ቢያወጣ ከዚህ የተለየ ፍጻሜ አይገኝም።

የክሊቭላንድ ሰዎች አለቃ ላቭ ክሮስ የሚባል ጥሩ ተጫዋች ነበር። በእርሱ አለቅነት 8 ጊዜ አሸንፈው 30 ጊዜ ተሸነፉ። ነገር ግን እርሱ ራሱ መልካም ሆኖ ስለ ታየ ባለቤቶቹ እርሱንም ወደ ሴንት ሉዊስ ወሰዱት። በእግሩ የተተካው ጆ ኲን ነው፤ ይህ ሰው ከጨዋታው በተጨማሪ የሬሳ ሣጥንና የቀብር ሥራ የሚሠራ ነበርና፥ የጊዜው ሰዎች ለዚህ ቡድን የሚገባ አለቃ ተገኘ ብለው ቢቀልዱ አይደንቅም። በእርሱ ዘመን 12 አሸንፈው 104 ተሸነፉ።

የከተማው ሕዝብ የተደረገበትን አወቀ፤ ወደ ሜዳውም መሄድ ተወ። ዓመቱን ሙሉ በክሊቭላንድ በተደረጉት 42 ጨዋታዎች በበር የገባው ሰው ሁሉ ተደምሮ 6,088 ብቻ ነው፤ ለአንድ ጨዋታ ሲካፈል 145 ሰው ያህል ይሆናል። እንግዶቹም ቡድኖች የሚደርሳቸው ድርሻ የባቡርና የሆቴል ዋጋ እንኳ ስለማይሸፍንላቸው ወደ ክሊቭላንድ አንመጣም አሉ። ስለዚህ የክሊቭላንድ ቡድን የገዛ ሜዳውን ትቶ በሰው አገር የሚዞር ሆነ፤ ጋዜጦችም ስደተኞች፥ ተንከራታቾች እያሉ ይጠሩት ጀመር። ከሜዳው ውጭ ያደረገው ጨዋታ 112 ነው፤ ከዚህም 101ዱን ተሸነፈ። በአንድ ወቅት 24 ጊዜ በተከታታይ ተሸነፈ፤ ከመጨረሻዎቹ 41 ጨዋታዎችም 40ውን ተሸነፈ። ሁለት ቀን አከታትሎ ማሸነፍ የሆነለት በዓመቱ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እርሱ 529 ነጥብ ሲያገባ 1,252 ነጥብ ገባበት። ጂም ሂዩይ የሚባለው ወርዋሪ 4 ጊዜ አሸንፎ 30 ጊዜ ተሸነፈ፤ ነገር ግን ተራው በደረሰ ቍጥር ኳሱን ይዞ ከመቆም አልቀረም።

የዓመቱ መጨረሻ በጥቅምት ወር በሲንሲናቲ ከተማ ሆነ። በዚያም ቀን ለመጨረሻው ጨዋታ ኳሱን እንዲወረውር የቆመው ኤዲ ኮልብ የሚባል በሆቴል ውስጥ ሲጋራ የሚሸጥ ሰው ነበር። ክሊቭላንድም 19 ለ3 ተሸነፈ። ተጫዋቾቹ ሲለያዩ ከእነርሱ ጋር ይዞር ለነበረው የጕዞ ጸሐፊ የአልማዝ ጌጥ ሰጡት ተብሎ ይነገራል፤ ምክንያቱንም ጨዋታችንን ሁሉ ተቀምጦ የማየት መከራ የደረሰበት እርሱ ብቻ ነው ብለው በቀልድ ተናገሩ ይባላል። በመከራ ውስጥ ሆነው በራሳቸው መሳቅን የሚያውቁ ሰዎች ፈጽሞ የተሸነፉ አይደሉም።

እንግዲህ የባለቤቶቹ ትርፍ ምን ሆነ? ፍጹማን የተባሉት የሴንት ሉዊስ ሰዎች 84 ጊዜ አሸንፈው 67 ጊዜ ተሸንፈው አምስተኛ ሆኑ። በዚያው ዓመት የብሩክሊንና የባልቲሞር ባለቤቶችም ሁለቱን ቡድን በአንድነት ይዘው የባልቲሞርን ምርጦች ወደ ብሩክሊን አዛውረው ነበር፤ ብሩክሊንም 101 ጊዜ አሸንፎ አንደኛ ሆነ። ስለዚህ እንዲህ ያለው ሥራ ሁልጊዜ አያተርፍም ማለት አይቻልም። ነገር ግን ጨዋታው ካለቀ በኋላ ማኅበሩ ከ12ቱ ቡድኖች አራቱን ሰረዘ፤ ከተሰረዙትም ክሊቭላንድና ባልቲሞር ይገኛሉ። ያተረፈውም ያላተረፈውም በየፊናው አንድ አንድ ከተማ ባዶ አስቀረ።

ኋላ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ሁለት ቡድን እንዳይዝ ተከለከለ። ክሊቭላንድም በ1901 ዓመት አሜሪካን ሊግ በሚባለው አዲስ ማኅበር ሌላ ቡድን አገኘች፤ ይህም ቡድን ስሙ እየተለዋወጠ እስከ ዛሬ አለ፤ ከ2022 ዓመት ጀምሮ ጋርዲያንስ ይባላል። ሳይ ያንግም በ1909 ዓመት በሽምግልናው ወደ ክሊቭላንድ ተመልሶ ተጫውቶአል። የ1899ኙ ሽንፈት ግን በመዝገብ እንደ ተጻፈ ቀርቶአል። በ2024 ዓመት የቺካጎው ዋይት ሶክስ ቡድን 121 ጊዜ ተሸንፎ ብዙ ተባለለት፤ ሆኖም ከ134ቱ አልደረሰም። ከሜዳ ውጭ የተቈጠረውን 101 ሽንፈት ግን ዛሬ ማንም ሊደርስበት አይችልም፤ አንድ ቡድን ከሜዳው ውጭ በዓመት የሚጫወተው 81 ጊዜ ብቻ ነውና።

በመዝገቡ ላይ የተጻፉት ግን የተጫዋቾቹ ስሞች ናቸው። ሂዩይ 30 ጊዜ ተሸነፈ ተብሎ ይነበባል፤ መዝገቡ በስተኋላው የቆሙትን ረዳቶች ማን እንደ ወሰደበት አይናገርም። ቍጥር እውነትን ይናገራል፤ ነገር ግን ሁሉን አይናገርም፤ ስለዚህ ቍጥሩን የሚያነብ ሰው ታሪኩንም ሊጠይቅ ይገባዋል። ሁለት ወገኖች የሚወዳደሩበት ሥራ ሁሉ፥ ጨዋታም ቢሆን ንግድም ቢሆን ሙግትም ቢሆን፥ ሁለቱ ወገኖች እውነተኞች ተቃራኒዎች ሲሆኑ ብቻ ክብር አለው። ሁለቱን ወገን በአንድ እጅ የያዘ ሰው ግን ማንም ቢያሸንፍ ውድድሩን አጥፍቶታል፤ ሕዝቡም ይህን አውቆ ከበሩ ቀረበት።

ሁለት ባላ መትከል ጥበብ ነው። ነገር ግን ባላ እንጨት ነው፤ ሰው ግን እንጨት አይደለም። ሮቢሰን አንዱን ሰብሮ በሌላው ሊንጠለጠል አሰበ፤ በተሰበረው ላይ የነበሩት ሰዎች ግን እየወደቁም ቢሆን 154ቱን ጨዋታ አንድ ሳያጐድሉ ፈጸሙ። በዚያ ዓመት ሥራውን በሚገባ የፈጸመ ማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፥ መልሱን ለአንባቢ ትተናል።