የአሮጌ ነፍጥ ዕድሜ በምን ይታወቃል?

አንድ አሮጌ ነፍጥ በጎንደር ከተማ ወይም በስሜን ደጋ ሲገኝ፥ ዕድሜው በሰደፉ ብቻ ሊገመት አይገባም፤ አፈሙዙ፥ መተኮሻውና ሰደፉ የተለያየ ዘመን ሊኖራቸው ይችላልና።

ራስ ሚካኤል ስሑል በ1761 ዓ.ም. ዐፄ ኢዮአስን ሽረው የጎንደርን ሥልጣን የጨበጡት በነፍጠኞቻቸው ብርታት ነበር፤ ይህንም ኃይል ያገኙት ነፍጥ ከምጽዋ የሚመጣበት መንገድ በትግራይ ግዛታቸው ስለሚያልፍ ነው። ከባሕር ማዶ የመጣው ብረት ብዙ ትውልድ ያገለግላል፤ እንጨቱ ግን ሲሰነጠቅ ያገሬው ባለ እጅ ካገሩ ዛፍ ጠርቦ ይተካዋል።

እንግዲህ መርማሪ አስቀድሞ ብረቱን ይመልከት። በባልጩት የሚተኮሰው ነፍጥ በአውሮጳ ጦር ዘንድ እስከ 1840ዎቹ እ.ኤ.አ. ቆይቶ በካፕሱል ተተካ። በካፕሱል በሚተኮስ ነፍጥ መተኮሻ ላይ የተደፈኑ የብሎን ቀዳዳዎች ቢታዩ፥ ቀድሞ ባለ ባልጩት እንደ ነበረ ያመለክታሉ። የብርሚንግሃም የጦር መሣሪያ መፈተኛ ቤት የተቋቋመው በ1813 እ.ኤ.አ. ስለ ሆነ፥ የዚህ ቤት ማኅተም ያለበት አፈሙዝ በራስ ሚካኤል ዘመን ወደ አገራችን ገባ ሊባል አይቻልም።

የተተካው ሰደፍ ግን ዋጋ የሌለው አይደለም። አፈሙዙ የተሠራበትን አገር ሲመሰክር፥ ሰደፉ ያገለገለበትን አገር ይመሰክራል። ስለዚህ ባለቤቱ ዝገቱን ሲፈትግ ማኅተሙን እንዳያጠፋ፥ አሮጌውንም እንጨት በአዲስ እንዳይለውጥ ይጠንቀቅ፤ የጠፋ ምስክር ዳግመኛ አይጠራምና።