የዎክ ጋዝ ምድጃ

የዎክ ጋዝ ምድጃ ዎክ ለሚባለው ጎድጓዳ የቻይና መጥበሻ ተብሎ የሚሠራ፣ ከተራ የወጥ ቤት ምድጃ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ሙቀት የሚሰጥ የጋዝ ማቃጠያ ነው። የምግብ ቤቱ ዓይነት በወጥ ቤት ውስጥ ተተክሎ ከኃይለኛ የጭስ መሳቢያ በታች ይሠራል። ለግለሰብ የሚሸጠው ደግሞ ሦስት ወይም አራት እግር ያለው፣ ከጋዝ ሲሊንደር ጋር በጎማ ቱቦ የሚገናኝና ከቤት ውጭ ብቻ የሚሠራበት ነው። ይህ ጽሑፍ በዋናነት የሚመለከተው ሁለተኛውን ዓይነት ነው።

ስምና ታሪክ

«ዎክ» የሚለው ስም የመጣው ከካንቶንኛ ሲሆን በማንዳሪን ቋንቋ ዕቃው «ጉዎ» ይባላል። ዎክ ታቹ ክብ ስለሆነ በጠፍጣፋ ምድጃ ላይ አይረጋም፤ ከጥንት ጀምሮ የሚቀመጠው ከላዩ ክብ ቀዳዳ ባለው የሸክላ ወይም የጡብ ምድጃ ላይ ነበር። በሃን ሥርወ መንግሥት ዘመን (ከክርስቶስ ልደት በፊት 206 – ከልደት በኋላ 220) ከሞቱ ሰዎች ጋር ይቀበሩ ከነበሩት የሸክላ ቅርጾች መካከል እንዲህ ያሉ ምድጃዎች ይገኛሉ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የሆንግ ኮንግ የመንገድ ዳር ምግብ ሻጮች በኬሮሲን ምድጃ ይሠሩ ነበር። ከዚያ በኋላ ጋዝ የማገዶውንና የኬሮሲኑን ቦታ በብዛት ተካ።

ካንቶኖች በኃይለኛ እሳት ተቆልቶ የወጣ ምግብ የሚኖረውን ልዩ መዓዛና ጣዕም «ዎክ ሄይ» ይሉታል፤ ትርጉሙ «የዎክ እስትንፋስ» እንደ ማለት ነው። ብዙ ሰዎች ይህን ምድጃ የሚፈልጉት ያንን ጣዕም ለማግኘት ነው።

ኃይለኛ እሳት ያስፈለገበት ምክንያት

አትክልትና ሥጋ በውስጣቸው ብዙ ውሃ ይዘዋል። አንድ ኪሎ ግራም ውሃ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ 2.26 ሜጋጁል ያህል ሙቀት ይፈልጋል። እሳቱ ደካማ ከሆነ ከምግቡ የሚወጣው ውሃ ቶሎ ሳይተን መጥበሻው ታች ይጠራቀማል። ውሃ እስካለ ድረስ የመጥበሻው ሙቀት ከውሃ መፍያ ብዙም ስለማይበልጥ ምግቡ መጠበሱ ቀርቶ ይቀቀላል። ምግብን የሚያቡናው ለውጥ ፈጥኖ የሚካሄደው ከ140 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ስለሆነ፣ ውሃው እንደወጣ ወዲያው የሚያተን ጠንካራ እሳት ያስፈልጋል።

የቤት ጋዝ ምድጃ አንድ ዓይን አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ኪሎዋት ይሰጣል። የውጭ የዎክ ምድጃዎች ከ15 እስከ 45 ኪሎዋት ይደርሳሉ። ሻጮች ይህን መጠን ብዙ ጊዜ የሚገልጹት በሰዓት በሚለካ ቢቲዩ ነው፤ 1 ኪሎዋት 3,412 ቢቲዩ በሰዓት ያህል ስለሆነ «100,000 ቢቲዩ» የተባለ ምድጃ 29 ኪሎዋት ገደማ ይሆናል።

ምግቡን ወደ ላይ እየወረወሩ ማገላበጥም የዚሁ አሠራር አካል ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የጆርጂያ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች የቻይና ወጥ ቤት ሠራተኞች የሩዝ ጥብስ ሲያገላብጡ በቪዲዮ ቀርጸው ባደረጉት ጥናት፣ አንዱ ውርወራ የሚፈጀው የሰከንድ ሲሶ ያህል መሆኑን አሳይተዋል። እህሉ በአየር ላይ እያለ ስለሚበርድ በዚያ ኃይለኛ ሙቀት ሳያርር ይበስላል።

ክፍሎች

የውጭ የዎክ ጋዝ ምድጃ ዋና ዋና ክፍሎች የሚከተሉት ናቸው፦

ሲሊንደር፦ በግፊት ፈሳሽ የሆነ ፕሮፔን፣ ቡቴን ወይም የሁለቱ ድብልቅ የሚያዝበት ዕቃ። በኢትዮጵያ በተለምዶ ቡታጋዝ የሚባለው ይኸው ነዳጅ ነው።

ሬጉሌተር፦ የሲሊንደሩን ከፍተኛ ግፊት ማቃጠያው ወደሚችለው መጠን ዝቅ የሚያደርግ መሣሪያ። ለቤት ምድጃ የሚሆነው ዝቅተኛ ግፊት የሚሰጥ ሲሆን፣ ብዙዎቹ የውጭ ዎክ ምድጃዎች ግን ሊስተካከል የሚችል ከፍተኛ ግፊት ሬጉሌተር ይፈልጋሉ። አንዱ በሌላው አይተካም፤ ለዝቅተኛ ግፊት የተሠራ ምድጃ ከከፍተኛ ግፊት ሬጉሌተር ጋር ቢገናኝ ነበልባሉ ከቁጥጥር ውጭ ሊሆን ይችላል።

ቱቦ፦ ለጋዝ ተብሎ የተሠራና ከሬጉሌተሩ ግፊት ጋር የሚመጣጠን ጎማ። የውሃ ጎማ በምትኩ አያገለግልም፤ ጋዙ ያበላሸዋል።

ጋዝ መርጫ፦ ጋዙ በፍጥነት የሚወጣበት ጠባብ ቀዳዳ። ጋዙ ሲወጣ በዙሪያው ያለውን አየር እየሳበ ወደ መቀላቀያው ቱቦ ይገባል።

የአየር መዝጊያ፦ ከጋዙ ጋር የሚቀላቀለውን አየር ለመጨመርና ለመቀነስ የሚዞር ወይም የሚንሸራተት ቁራጭ ብረት።

የማቃጠያው ራስ፦ ነበልባሉ የሚወጣበት ክፍል። በክብ የተደረደሩ ቀዳዳዎች ያሉት፣ ብዙ ትናንሽ መርጫዎች የተተከሉበት ወይም አንድ ወፍራም ነበልባል ወደ ላይ የሚተፋ ሊሆን ይችላል። በአንዳንድ ምግብ ቤቶች አየሩ በማራገቢያ ይነፋል።

ቀለበትና የንፋስ መከላከያ፦ ዎኩ የሚቀመጥበትና ነበልባሉን በዙሪያው የሚይዝ ብረት። ዎኩ ሳይወላወል መቀመጥ አለበት፤ ሆኖም የተቃጠለው ጋዝ የሚወጣበት ክፍተት መዘጋት የለበትም።

የነበልባል ማስተካከያና የቦታ ከፍታ

በደንብ የሚነድ ጋዝ ሰማያዊና ጥርት ያለ ነበልባል ይሰጣል። ቢጫና የሚወዛወዝ ነበልባል አየር ማነሱን ያሳያል፤ የዎኩን ታች በጥቀርሻ ያጠቁራል፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን መርዛማ ጋዝም ይጨምራል። ነበልባሉ ከማቃጠያው ተነጥሎ እየጮኸ ወደ ላይ የሚዘል ከሆነ ደግሞ አየሩ ወይም ግፊቱ በዝቷል ማለት ነው። ማስተካከያው የሚደረገው የአየር መዝጊያውን በጥቂት በጥቂቱ በማንቀሳቀስ ነው፤ ብረቱ ሊግል ስለሚችል በባዶ እጅ አይነካም።

የቦታ ከፍታ በዚህ ላይ ተጽዕኖ አለው። 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለል ግፊት ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በአንድ ሊትር አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ስለዚህ ለቆላ ወይም ለባሕር ዳርቻ ከተማ የተስተካከለ ምድጃ በደጋ ቢጫ ነበልባል ሊያወጣ ይችላል። መፍትሔው በመጀመሪያ የአየር መዝጊያውን የበለጠ መክፈትና ግፊቱን መቀነስ ሲሆን፣ ይህ ካልበቃ አምራቹ ለከፍታ የሚያዘጋጀውን ጠበብ ያለ መርጫ መግጠም ነው።

የጋዝ ፍጆታና የሲሊንደር መቀዝቀዝ

አንድ ኪሎ ግራም ጋዝ 46 ሜጋጁል ያህል ሙቀት ይሰጣል። 30 ኪሎዋት የሆነ ምድጃ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ቢነድ በሰዓት 2.3 ኪሎ ግራም ያህል ይፈጃል፤ በዚህ ስሌት 13 ኪሎ ግራም ጋዝ የያዘ ሲሊንደር ከአምስት ሰዓት ተኩል ገደማ በላይ አይቆይም። በተግባር ግን አንድ ምግብ በጥቂት ደቂቃ ስለሚደርስ ሲሊንደሩ ለብዙ ቀን ያገለግላል።

ፈሳሹ ጋዝ ሲተን ሙቀት የሚወስደው ከራሱና ከሲሊንደሩ ነው። ብዙ ጋዝ በአንድ ጊዜ ሲወጣ ሲሊንደሩ ይቀዘቅዛል፣ ላብ ያወጣል፣ አልፎ አልፎም አመዳይ ይለብሳል፤ ግፊቱ ስለሚወርድም እሳቱ ይደክማል። ፕሮፔን የሚፈላው በ42 ዲግሪ ሴልሺየስ ከዜሮ በታች ሲሆን ቡቴን ግን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ቡቴን የበዛበት ጋዝ በብርድ ጠዋት ቶሎ ይደክማል። የቀዘቀዘን ሲሊንደር በእሳት ማሞቅ ለፍንዳታ ይዳርጋል። ማጋደልም አደገኛ ነው፤ በጋዝ ፈንታ ፈሳሹ ወደ ቱቦው ይገባል። ትክክለኛው መንገድ እሳቱን መቀነስ፣ ማረፍ ወይም ትልቅ ሲሊንደር መጠቀም ነው።

አጠቃቀም

ቦታ፦ ምድጃው ጣሪያ በሌለው ገላጣ ቦታ፣ በማይቃጠልና በተስተካከለ መሬት ላይ ይቀመጣል። ከግድግዳ፣ ከአጥር፣ ከዛፍና ከተሰጣ ልብስ ቢያንስ 3 ሜትር መራቅ አለበት። ሲሊንደሩ ቱቦው በሚፈቅደው መጠን ርቆ፣ ነፋስ ነበልባሉን ወደ እሱ በማይነዳበት በኩል ቀጥ ብሎ ይቆማል።

ማቀጣጠል፦ ከእያንዳንዱ አዲስ ግንኙነት በኋላ መጋጠሚያዎቹ በሳሙና አረፋ ይቀባሉ፤ አረፋው ካበጠ ጋዝ ያፈሳል። በክብሪት ወይም በላይተር ቀዳዳ መፈለግ ክልክል ነው። ሲቀጣጠል አስቀድሞ እሳቱ ወደ ማቃጠያው ይቀርባል፣ ከዚያ ጋዙ በትንሹ ይከፈታል። ፊት ከማቃጠያው በላይ መሆን የለበትም። በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ካልተያያዘ ጋዙ ተዘግቶ እስኪበተን አምስት ደቂቃ ያህል ይጠበቃል።

ዎኩን ማሟሸት፦ ከካርቦን ብረት ወይም ከቀለጠ ብረት የተሠራ አዲስ ዎክ እንደ ሸክላ ምጣድ ይሟሻል። መጀመሪያ የፋብሪካው ዘይት በሙቅ ውሃና በሳሙና ታጥቦ ይለቀቃል። ከዚያ ዎኩ እየዞረ እስኪጠቁር ይግላል፣ በስሱ ዘይት ይቀባል፣ እስኪጨስ ይሞቃል፤ ይህም ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። ዘይቱ በሙቀት ተለውጦ ጠንካራ ስስ ሽፋን ይሆናል፤ አዲስ የእንጀራ ምጣድ በጎመን ዘር ሲሟሽ የሚሆነውም ይኸው ነው። ማጣበቅን የሚከላከል ሰው ሠራሽ ቅብ ያላቸው መጥበሻዎች ግን ለዚህ ምድጃ አይሆኑም፤ ቅቡ በከፍተኛ ሙቀት ፈርሶ ጎጂ ጭስ ያወጣል።

ማብሰል፦ እሳቱ ፋታ ስለማይሰጥ ሁሉም ነገር አስቀድሞ ተከትፎ፣ ስጎውም ተበጥብጦ መቅረብ አለበት። የታጠበ አትክልት ይደርቃል። ባዶው ዎክ ሲግል የተጣራ የኦቾሎኒ ዘይትን የመሰለ ከፍተኛ ሙቀት የሚችል ዘይት ይጨመራል፤ ሥጋው ለብቻው ተጠብሶ ይወጣል፣ አትክልቱ ይከተላል፣ በመጨረሻ ሁለቱ ተቀላቅለው ስጎው በዎኩ ዳር ይፈስሳል። ዎኩን መሙላት ሙቀቱን ስለሚያወርድ ለብዙ ሰው የሚሆን ምግብ በየጥቂቱ ተከፍሎ ይሠራል።

ማጥፋት፦ በመጀመሪያ የሚዘጋው የሲሊንደሩ ቫልቭ ነው። በቱቦው ውስጥ የቀረው ጋዝ ነድዶ ሲያልቅ የምድጃው ቫልቭ ይዘጋል።

ጥገና

ከእያንዳንዱ አገልግሎት በኋላ፣ ብረቱ ሲበርድ፣ የፈሰሰ ዘይትና ስጎ ይጠረጋል። ጨውና ስኳር ያለበት ስጎ በብረቱ ላይ ከቆየ ዝገትን ያፋጥናል። የማቃጠያው ቀዳዳዎች በሽቦ ብሩሽና በቀጭን ሽቦ ይጠረጋሉ። የመርጫው ቀዳዳ ግን በመርፌም ሆነ በመሰርሰሪያ መስፋት የለበትም፤ ጥቂት ቢሰፋ እንኳ የጋዙ መጠን ይለወጣል።

ለሳምንታት ሳይነካ የቆየ ምድጃ ከመቀጣጠሉ በፊት የመቀላቀያ ቱቦው ይመረመራል። ሸረሪቶችና ሌሎች ነፍሳት በውስጡ ድር ወይም ጎጆ ይሠራሉ፤ ጋዙ መንገድ ሲያጣ ወደ ኋላ ወጥቶ በአየር መዝጊያው በኩል ሊነድ ይችላል። ቱቦው በየጊዜው እየታጠፈ ይታያል፤ የተሰነጠቀ፣ የደረቀ፣ የተቃጠለ ወይም የተጻፈበት የአገልግሎት ዘመን ያለፈ ቱቦ በፕላስተር ሳይጠገን በአዲስ ይተካል። ከቀለጠ ብረት የተሠራው የማቃጠያ ራስ ዝገቱ ተፍቆ በስሱ ዘይት ይቀባል። ምድጃው በዝናብ ጊዜ ይሸፈናል፤ ሲሊንደሩ ግን ተነቅሎ ጥላ ባለበትና ነፋስ በሚገባበት ውጭ እንጂ በቤት ወይም በምድር ቤት ውስጥ አይቀመጥም።

የተለመዱ ብልሽቶች

ነበልባሉ ቢጫ ሲሆን፦ የአየር መዝጊያው ጠቧል፣ ቱቦው በሸረሪት ድር ተዘግቷል ወይም መርጫው ለቦታው ከፍታ ሰፊ ነው።

እሳቱ ሲደክም፦ ሲሊንደሩ ቀዝቅዟል፣ ጋዙ ሊያልቅ ተቃርቧል ወይም ቱቦው ታጥፏል። የፍሰት መገደቢያ ያለው ሬጉሌተር ቫልቩ በፍጥነት ሲከፈት ጋዙን ይይዛል፤ ሁሉም ተዘግቶ ቀስ ተብሎ እንደገና ይከፈታል።

እሳቱ በማቃጠያው ውስጥ ሲነድና ሲያፏጭ፦ ግፊቱ አንሷል ወይም ራሱ ተሰንጥቋል። ጋዙ ወዲያው ተዘግቶ ብረቱ እስኪበርድ ይጠበቃል።

አደጋና ጥንቃቄ

ፕሮፔን ከአየር አንድ ተኩል እጥፍ ይከብዳል። ያፈሰሰው ጋዝ ከመበተን ይልቅ ወደ ዝቅተኛ ቦታ፣ ወደ ቦይና ወደ ምድር ቤት ይወርዳል። በአየር ውስጥ ከ2 እስከ 10 በመቶ ያህል ሲሆንም በአንዲት ፍንጣሪ ይቀጣጠላል። ሽታ እንዲኖረው የሚጨመርበት ቅመም ለማስጠንቀቂያ ነው፤ ሽታው ሲመጣ ሲሊንደሩ ይዘጋል፣ መብራት ማብራትም ሆነ ማጥፋት ይቀራል። ብዙ የውጭ ምድጃዎች ነበልባሉ ሲጠፋ ጋዙን በራሱ የሚዘጋ መሣሪያ ስለሌላቸው ነፋስ እሳቱን ቢያጠፋው ጋዙ መፍሰሱን ይቀጥላል። በዚህ ምክንያት የተቀጣጠለ ምድጃ ለአፍታም ያለ ጠባቂ አይተውም።

ምድጃው በክፍል፣ በጋራዥ ወይም በተሸፈነ በረንዳ ውስጥ ሲሠራበት ኦክስጅኑን ይጨርሳል፣ ካርቦን ሞኖክሳይድም ይጠራቀማል። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል አቀጣጥለው የተኙ ሰዎችን የሚገድለውም እሱ ነው። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ የመጀመሪያ ምልክቶቹ ናቸው።

ዘይት በእሳት ሲያያዝ ውሃ አይደፋበትም። ውሃው ከጋለው ዘይት በታች ወርዶ በቅጽበት እንፋሎት ይሆናል፤ መጠኑ ወደ 1,700 እጥፍ ስለሚጨምር የሚነደውን ዘይት በዙሪያው ይረጨዋል። ጋዙ ይዘጋል፣ ዎኩ በብረት ክዳን ይከደናል፣ እስኪበርድም ከቦታው አይነሳም። ክዳን፣ ለዘይት እሳት የሚሆን ማጥፊያና ወፍራም የእጅ መከላከያ ሥራው ከመጀመሩ በፊት በቅርብ ይዘጋጃሉ። ሕፃናትና የቤት እንስሳት ከቱቦውና ከምድጃው እንዲርቁ ይደረጋል፤ የምድጃው እግሮችና ቀለበት እሳቱ ከጠፋ በኋላም ለረጅም ጊዜ ያቃጥላሉ።