የማሽላ ዘረ መልና አቀንጭራ፦ ኮምፒውተር ከማሳው ምን ያነባል?

አቀንጭራ በማሽላ ሥር ላይ ተጣብቆ ውኃና ምግቡን የሚመጥጥ ጥገኛ አረም ነው። በጨፋ ሮቢትና በከሚሴ ዙሪያ ማሽላ የሚያመርት አርሶ አደር ሐምራዊ አበባውን ሲያይ፣ ጉዳቱ ከአፈር በታች ከጀመረ ሳምንታት አልፈዋል። አንዱ አረም በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ደቃቅ ዘሮችን ይበትናል፤ ዘሮቹም በአፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሊቆዩ ይችላሉ።

ዘሩ የሚነቃው ግን የማሽላ ወይም የሌላ ተክል ሥር የሚያመነጨው ኬሚካል ሲደርሰው ነው። ማሽላው ኬሚካሉን የሚያወጣው ጠቃሚ ፈንገሶችን ወደ ሥሩ ለመጥራት ሲሆን፣ አፈሩ ሲጎሳቆል መጠኑ ይጨምራል። አቀንጭራ በደከመ መሬት የሚበረታበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ይሁን እንጂ ሁሉም ማሽላ እኩል አይጠቃም። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ድርቅንና አቀንጭራን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን በማውጣታቸው ነበር። እርሳቸው በሚሠሩበት ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት አንዱን ምስጢር ገልጧል፦ በአንዳንድ ተቋቋሚ ማሽላዎች አንድ ዘረ መል ሥራውን አቁሟል። በዚህም የሥሩ ኬሚካል ዓይነቱ ተቀይሮ አብዛኛው የአቀንጭራ ዘር ሳይነቃ ይቀራል።

እንዲህ ያለውን ልዩነት ለመፈለግ ኮምፒውተር ያግዛል። የሚሠራ ዘረ መል አር ኤን ኤ የተባለ ቅጂ ያወጣል። ተመራማሪዎች ከልዩ ልዩ ነባር ዝርያዎች ሥር አር ኤን ኤ ወስደው በመሣሪያ ሲያነቡት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቁርጥራጮች ይገኛሉ። ፕሮግራሙ እነዚህን እ.ኤ.አ. በ2009 ከታተመው የማሽላ ሙሉ የዘረ መል ካርታ ጋር እያመሳከረ ይቆጥራል። ብዙ ቅጂ ያለው ዘረ መል በብርቱ ይሠራል፤ ቅጂ ያልተገኘለት ተኝቷል ወይም ከነአካቴው የለም።

ቀጥሎ ልዩነቱ ከዝርያው ነው ወይስ ከአፈሩና ከዝናቡ የሚለው በስሌት ይለያል። ለዚህም ዝርያዎቹ በአንድ ዓይነት አፈር፣ ጎን ለጎንና በተደጋጋሚ መደቦች መዘራት አለባቸው። የስሌቱ ውጤት ጥቆማ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም፤ ዝርያው አቀንጭራ ባለበት ማሳ መፈተን ይኖርበታል።

ኢትዮጵያ የማሽላ ብዝኃ ሕይወት ማዕከል ናት። ከአርሶ አደሩ ጎተራ የጠፋን ነባር ዘር ግን የትኛውም ስሌት አይመልሰውም። ስለዚህ የተሻሻለ ዘር የሚወስድ አርሶ አደር ከነባሩም ጥቂት ቢያቆይ ይመከራል። አቀንጭራውን ዘር ከመጣሉ በፊት መንቀል፣ ማሳውን በብስባሽ ማዳበርና ማሽላን ከጥራጥሬ ጋር ማፈራረቅም ዛሬውኑ የሚሠሩ ናቸው።