ሻጋታና ከባድ ብረቶች፦ የአንድ ግኝት ታሪክ

እንጉዳይና ሻጋታ የሕዋስ ግድግዳቸውን የሚያጠነክሩበትን ንጥረ ነገር መጀመሪያ ለይቶ ያወጣው በፈረንሳይ አገር በናንሲ ከተማ የዕፀዋት ሥፍራ ኃላፊ የነበረው ኬሚስት ኦንሪ ብራኮኖ ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1811 ነበር። ከ12 ዓመት በኋላ ኦዲየ የተባለ የአገሩ ሰው ተመሳሳዩን ነገር ከጢንዚዛ የክንፍ ሽፋን አግኝቶ ኪቲን ብሎ ሰየመው። ይህ ንጥረ ነገር መርዛም ብረትን ከውሃ ለመልቀም ይፈለጋል ተብሎ እስኪታሰብ ድረስ ከመቶ ዓመት በላይ ማለፍ ነበረበት።

ጉዳዩ አንገብጋቢ የሆነው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 ሩክሆፍት የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በፍሳሽ ማጣሪያ ውስጥ የሚገኘው ሕያው ዝቃጭ ፕሉቶኒየምን ከውሃ ሊለይ እንደሚችል አስታወቀ። ቀጥሎም በ1956 በሚናማታ የታየውና መንሥኤው ሜርኩሪ መሆኑ በኋላ የታወቀው በሽታ፣ እንዲሁም በ1968 የጃፓን መንግሥት ከካድሚየም የመጣ መሆኑን ያመነው የኢታይ ኢታይ ሕመም፣ ከባድ ብረት እንደ ሌላው ቆሻሻ በስብሶ እንደማይጠፋ ለዓለም አሳዩ። የተለመደው ዘዴ በኖራ ማዝቀጥ ነው። ብረቱ በውሃው ውስጥ በብዛት ሲኖር ይህ ዘዴ ጥሩ ነው፤ በአንድ ሊትር ጥቂት ሚሊግራም ብቻ ሲቀር ግን አቅሙ ይደክማል።

ወሳኙ ሥራ የመጣው ከካናዳ ነው። በሞንትሪያል በማክጊል ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ጼዞስና ቮሌስኪ እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጡት ጽሑፍ፣ ሪዞፐስ አራይዘስ የተባለው ሻጋታ በፒኤች 4 ላይ በአንድ ግራም ደረቅ አካሉ ከ180 ሚሊግራም በላይ ዩራንየም ወይም ቶሪየም እንደሚይዝ ገለጡ። በሊትር 30 ሚሊግራም ዩራንየም ባለበት ውሃ ከአዮን መለዋወጫ ሙጫ 2.5 እጥፍ ያህል፣ ከአክቲቭ ካርቦን ደግሞ 3.3 እጥፍ ያህል ይዞ ተገኘ። ቶሪየምን በተመለከተ ብልጫው በሙጫው ላይ 20 እጥፍ ደረሰ። በሚቀጥለው ዓመት ምክንያቱን ሲመረምሩ የደረሱት ከብራኮኖው ንጥረ ነገር ላይ ነው፤ ዩራንየሙ ከኪቲን ናይትሮጅን ጋር ይተሳሰራል፣ በግድግዳው መረብ ውስጥ ይለጠፋል፣ በመጨረሻም እዚያው ሃይድሮክሳይድ ሆኖ ይዘቅጣል።

ሻጋታው ሙት መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። የሞተ አካል ምግብ አይሻም፣ መርዙም አይጎዳውም። ከዚህም በላይ ከ1919 ጀምሮ አስፐርጊለስ ናይጀርን እያራቡ ሲትሪክ አሲድ የሚያመርቱ ፋብሪካዎች በየጊዜው ብዙ የሻጋታ ተረፈ ምርት ያወጣሉ፤ ስለዚህ ጥሬ ዕቃው እንደ ነፃ ተቆጠረ።

ይሁን እንጂ ነገሩ ከቤተ ሙከራ እንደወጣ ችግሩ በዛ። ለስላሳው ሻጋታ በማጣሪያ ዓምድ ውስጥ ተጨምቆ ውሃውን ይዘጋል፤ እንክብል አድርጎ ማጠንከር ደግሞ ወጪ ይጨምራል። እውነተኛ የፋብሪካ ፍሳሽም እንደ ቤተ ሙከራው አንድ ብረት ብቻ የያዘ አይደለም፤ ብረቶቹ ለቦታ ይሻማሉ። በኦንታሪዮ በኤሊየት ሌክ ከማዕድን በተገኘ ፈሳሽ ላይ በተጠናከረ ሻጋታ ሙከራ ቢደረግም፣ የዩራንየም ዋጋ ወድቆ በዚያ የነበሩት ማዕድን ማውጫዎች እስከ 1996 ሁሉም ተዘጉ። በእኔ አስተያየት ዘዴውን ከኬሚስትሪው ይልቅ ገበያው ነው የጣለው። ጋድ የተባለው ሊቅም በ2009 ይህን መስክ ሲገመግም፣ የጥናቱ ብዛትና በኢንዱስትሪ ያገኘው ቦታ ፈጽሞ እንደማይመጣጠኑ አመልክቷል።

ስሕተትም ነበረበት። ብዙ ጸሐፊዎች ሻጋታ ባለስድስት ቫሌንሲውን ክሮሚየም ያጣብቃል ሲሉ ኖሩ። በ2005 የኮሪያ ተመራማሪዎች የሞተ አስፐርጊለስ ናይጀር ይህን ክሮሚየም ወደ ባለሦስት ቫሌንሲ እንደሚለውጠው አሳዩ፤ ስለዚህ ባለስድስቱን ብቻ የለካ ሰው፣ ብረቱ በሌላ መልክ በውሃው ውስጥ እያለ ጠፋ ብሎ ሊጽፍ ይችላል። የአገራችን ቆዳ ፋብሪካዎች ለማልፋት የሚጠቀሙበት ክሮም ግን አስቀድሞም ባለሦስት ቫሌንሲ በመሆኑ፣ ይህ የመለወጥ ችሎታ ለእነርሱ ፍሳሽ እምብዛም አይረዳም፤ እዚያ ሊመዘን የሚገባው የግድግዳው የመያዝ አቅም ብቻ ነው።